«ቻሪቲ» ምጽዋት ነውን? በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ የቀረበ ትምህርት

ውድ አንባብያን፥

በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስን የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች ከምትገለገሉባቸው መጻሕፍት መካከል ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ መሆናቸው የታወቀ ነው። መጽሐፉ በአማርኛ እስኪገኝ ድረስ መምህሩ ራሱ ማታ ቁጭ ብሎ ይተረጉማል፤ በማግስቱም የተረጐመውን ያስተምራል። ይህ የሚመሰገን ድካም ነው። ነገር ግን በመዝገበ ቃላት ሲፈልጉት ቀላል የሚመስል፥ ያለ ቦታው ሲገባ ግን ትምህርቱን ከሥሩ የሚያናጋ ቃል አለ። ለዛሬው ትምህርታችን ከእነዚህ አንዱን፥ ማለትም በእንግሊዝኛ «ቻሪቲ» የሚባለውን ቃል መርጠናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ «በእኛ አቆጣጠር» ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንዲት እናት ያቀረቡልን ጥያቄ

በክህነት አገልግሎታችን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንድ የገጠር ቁምስና ለአዋቂዎች ትምህርት እናዘጋጅ ነበር። ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስለ ሦስቱ መለኮታዊ ምግባራት የሚናገረውን ምዕራፍ ስንተረጉም «ፌይዝ» የሚለውን እምነት፥ «ሆፕ» የሚለውን ተስፋ፥ «ቻሪቲ» የሚለውን ደግሞ ምጽዋት ብለን ጻፍን። በጊዜው ምንም አልተጠራጠርንም፤ በእጃችን የነበረው መዝገበ ቃላት የሚለው ይህንኑ ነበርና። ትምህርቱ ካበቃ በኋላ፥ በቤተ ክርስቲያኑ በር ተቀምጠው ከምእመናን በሚያገኙት የሚተዳደሩ አንዲት ባልቴት ቀስ ብለው ቀረቡንና፥ «አባቴ፥ እኔ ተቀባይ እንጂ ሰጪ ሆኜ አላውቅም። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ጐድሎኝ ልሞት ነው?» አሉን።

መልሳችን ደካማ ነበር። «አይዞዎት እማማ፥ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» ብለን አሰናበትናቸው። እርሳቸውም «እሺ አባቴ» ብለው ሄዱ፤ ፊታቸው ግን መልስ እንዳላገኙ ይናገር ነበር። በዚያች ሌሊት የቅዱስ ጳውሎስን አንደኛ መልእክት ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች፥ ምዕራፍ 13ን ገልጠን ስናነብ ስሕተታችን ጎልቶ ታየን። ሐዋርያው በቁጥር 3 ላይ፥ ሰው ያለውን ሁሉ ለድኾች ቢያካፍል እንኳ ያ ታላቅ ነገር ከሌለው ምንም እንደማይጠቅመው ያስተምራል። ያ ታላቅ ነገር እኛ እንደ ተረጐምነው ምጽዋት ቢሆን ኖሮ፥ ሐዋርያው «ሀብትህን ሁሉ መጽውተህ ምጽዋት ከሌለህ ከንቱ ነህ» ማለቱ በሆነ ነበር። ይህም ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ንግግር ነው። እንግዲህ የተሳሳተው ሐዋርያው ሳይሆን ተርጓሚው ነበር።

የቃሉ ምንጭ

«ቻሪቲ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛው ደግሞ «ካሪታስ» ከሚለው የላቲን ቃል የወረሰው ነው። «ካሪታስ» የተገኘው «ካሩስ» ከሚለው ቅጽል ሲሆን፥ የ«ካሩስ» ትርጉም ውድ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኛም «ውድ ወንድሜ» ብለን እንጽፋለን፤ «ዋጋው ውድ ነው» ብለንም እናማርራለን። ልጅ በእናቱ ዘንድ የተወደደ ነው፤ ጤፍም በገበያ ይወደዳል። በላቲንም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ የጥንት ሮማውያን የእህል ዋጋ መናርን «ካሪታስ» ይሉት ነበር፤ ለወዳጅ ያላቸውን አክብሮትና ፍቅርም በዚሁ ቃል ይገልጹት ነበር። እንግሊዝኛውም «ዲር» በሚለው ቃሉ፥ ፈረንሳይኛውም «ሼር» በሚለው ቃሉ ሁለቱን ትርጉሞች አንድ ላይ ይዘዋል። ስለዚህ የቃሉ መሠረት መስጠት አይደለም፤ አንድን ሰው እንደ ውድ ነገር መቍጠር ነው። እኛም በጽሑፋችን መጀመሪያ «ውድ አንባብያን» ስንላችሁ ሳናስበው ይህንኑ ቃል ተጠቅመናል።

የሐዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች በግሪክኛ «አጋፔ» ያሉትን ቃል ወደ ላቲን የመለሱ ተርጓሚዎች፥ ለዚህ ቅዱስ ፍቅር በብዙ ቦታ የመረጡት «ካሪታስ» የሚለውን ነው። «አሞር» የሚለው ሌላው የላቲን ቃል ለማንኛውም ዐይነት ፍቅርና ምኞት ይነገር ስለነበር፥ ለዚህ ቦታ እምብዛም አልተመረጠም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከቅዱስ ጀሮም ሥራ የተነሣውና «ቩልጋታ» የሚባለው የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሲጸና፥ «ካሪታስ» የሚለውም ቃል በነገረ መለኮትና በጸሎት ውስጥ ጸንቶ ቀረ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። አንዳንድ ሰዎች በድምፁ መመሳሰል ምክንያት «ቻሪቲ» የመጣው «ካሪስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው ይላሉ። «ካሪስ» ጸጋ ማለት ሲሆን፥ ቅዱስ ቍርባንን የምንጠራበት «ኤውካሪስትያ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ሁለቱ ቃላት በነገረ መለኮት ጎረቤታሞች ቢሆኑም በትውልድ አይዛመዱም። መምህር ሲያስተምር ከመልካም ሐሳብም ቢሆን ሐሰተኛ ዘመድ መፍጠር አይገባውም።

በእንግሊዝኛ ትርጉሞች መካከል የነበረው ክርክር

በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በጆን ዊክሊፍ ስም የሚታወቀው የእንግሊዝኛ ትርጉም ከላቲን ስለ ተተረጐመ «ቻሪቲ» የሚለውን ቃል ይዟል። በ1526 ሐዲስ ኪዳንን ከግሪክኛ ተርጉሞ ያሳተመው ዊልያም ቲንደል ግን «ቻሪቲ»ን ትቶ «ላቭ»፥ ማለትም በተለመደው የእንግሊዝኛ አነጋገር ፍቅር አለ። ቅዱስ ቶማስ ሞር በ1529 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ነቀፈ። የነቀፈበትም ምክንያት፥ «ላቭ» ለመልካሙም ለክፉውም ፍቅር የሚነገር ሲሆን፥ «ቻሪቲ» ግን ቀና የሆነውንና በሥርዐት የተመራውን ፍቅር ብቻ ያመለክታል የሚል ነበር። ቲንደልም በ1531 በሰጠው መልስ፥ «ቻሪቲ» በሕዝቡ አፍ ሌሎች ትርጉሞችን ስለ ያዘ የግሪኩን ቃል ለመግለጽ አይበቃም የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ አገር በራንስ በስደት የነበሩ ካቶሊካውያን በ1582 ያሳተሙት ሐዲስ ኪዳን ወደ «ቻሪቲ» ተመለሰ፤ በዮሐንስ አንደኛ መልእክት 4፥8 ላይ እንኳ እግዚአብሔር በዚሁ ቃል ተጠርቷል። በ1611 የወጣው በንጉሥ ጄምስ ስም የሚጠራው ትርጉም ደግሞ መካከለኛውን መንገድ ያዘ፤ በቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 13 ላይ «ቻሪቲ» አለ፥ በዮሐንስ መልእክት ላይ ግን «ላቭ» አለ። በ1881 የወጣው የዚሁ ትርጉም እርማት በምዕራፍ 13ም ላይ «ላቭ» የሚለውን አስገባ። በ1966 የታተመው ካቶሊካዊው የኢየሩሳሌም መጽሐፍ ቅዱስም «ላቭ» ይላል።

ይህንን ታሪክ የምናነሣው ለክርክሩ ብለን አይደለም። የክርክሩን ፍሬ ነገር ስንመለከት ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት እንዳለ እናያለን። ሞር እንደ ፈራው፥ ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሰው ሚስቱንም፥ አይስ ክሬሙንም፥ የእግር ኳስ ቡድኑንም «አይ ላቭ» ይላል። ቲንደል እንደ ፈራውም «ቻሪቲ» ከልብ ወርዶ ወደ ሳንቲም ጠበበ። ቃላት እንደ ገንዘብ ናቸው፤ በብዙ እጅ ሲያልፉ መልካቸው ይደበዝዛል።

ቃሉ ዛሬ በእንግሊዝኛ የሚነገርባቸው መንገዶች

መምህራን በንባባቸው ሊያገኟቸው የሚችሉትን ዋና ዋና አጠቃቀሞች በአምስት ከፍለን እናቀርባለን።

1ኛ. መለኮታዊው ምግባር። በ1992 የጸደቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ከቍጥር 1822 እስከ 1829 ስለዚህ ይናገራል። ይህም እግዚአብሔርን ስለ ራሱ ከሁሉ በላይ የምንወድበት፥ ባልንጀራችንንም ስለ እግዚአብሔር ፍቅር እንደ ራሳችን የምንወድበት ምግባር ነው። ቅዱስ ቶማስ አኵናስ ይህንን ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ያለው ወዳጅነት ብሎ ያስተምራል።

2ኛ. ለችግረኛ የሚደረግ ስጦታ። ይህ በከተማና በጋዜጣ ቋንቋ የሚበዛው ትርጉም ነው። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛ ለምጽዋት «አልምስ» የሚባል የራሱ ቃል አለው። ምንጩም ምሕረት የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው፤ በቅዳሴ «ኪርያላይሶን» ስንል የምንጠራው የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።

3ኛ. በሕግ የታወቀ ድርጅት። በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን በ1601 በእንግሊዝ የወጣ ሕግ፥ «ቻሪቲ» የሚባሉትን ሥራዎች ሲዘረዝር አረጋውያንንና ድኾችን ከመርዳት ጋር ትምህርት ቤትን መደገፍንና ድልድይ መጠገንን ጭምር ቈጥሯል። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ሙዚየምም ሆነ ትምህርት ቤት በሕግ «ቻሪቲ» ሊባል ይችላል። በአገራችንም በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ቃሉን «የበጎ አድራጎት ድርጅት» ብሎ መልሶት ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ ግን ስያሜው «የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች» ሆነ።

4ኛ. የሌላውን ሰው ነገር በበጎ መተርጐም። አንድ ሰው የተናገረው ሁለት ትርጉም ሲኖረው መልካሙን መርጦ መቀበል በእንግሊዝኛ «ቻሪቲ» ይባላል። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በመንፈሳዊ ልምምዶች መጽሐፉ መግቢያ ላይ ክርስቲያን ሁሉ የባልንጀራውን ቃል ከመኰነን ይልቅ በደኅና ለመረዳት የተዘጋጀ ይሁን ብሎ ያዘዘው ይህንኑ ነው። ሐሜት በበዛበት መንደር ይህ ትርጉም ከሁሉ ይልቅ ያስፈልገናል።

5ኛ. የተጠላው ትርጉም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ችግረኛ «የእናንተን ቻሪቲ አልፈልግም» ሲል ይሰማል። ይህም ፍቅርን አልፈልግም ማለቱ ሳይሆን፥ ከላይ ወደ ታች የሚወረወር፥ ተቀባዩን የሚያሳንስ ስጦታ አልፈልግም ማለቱ ነው። ካሪታስ ሰውን ውድ ማድረግ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ቃሉ ተገልብጦ ሰውን የሚያረክስ ሆነ። የሰጪው አያያዝ ለቃሉ ያደረገው ይህንን ነው።

ከእነዚህ ሌላ «ቻሪቲ ከቤት ይጀምራል» የሚል የታወቀ አባባል አለ። ብዙ ጊዜ ለሩቅ ሰው ላለመስጠት እንደ ምክንያት ይጠቀስበታል። ነገር ግን አባባሉ ከቤት ይጀምራል አለ እንጂ በቤት ያልቃል አላለም።

በአማርኛ ስንመልሰው

እንግዲህ ለአንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል ብቻ መመደብ እንደማይቻል ግልጽ ነው። መምህሩ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩን መመልከት አለበት። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን። ከእምነትና ከተስፋ ጋር ተያይዞ ሲመጣ ዘወትር «ፍቅር» ይባል። ለድኻ የሚሰጥ ገንዘብ፥ ምግብ ወይም ልብስ ሲሆን «ምጽዋት» ይባል። ስለ ድርጅት ወይም ስለ ተቋም ሲናገር «በጎ አድራጎት» ይባል። የሌላውን ነገር በበጎ መተርጐምን ሲያመለክት «በጎ አሳቢነት» ወይም «ቅንነት» ይባል።

የገዳማውያትን ስም ስንተረጉምም እንጠንቀቅ። ቅዱስ ቪንሰንት ዴ ፖልና ቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ በ1633 የመሠረቱት ማኅበር ስሙ «የፍቅር ልጆች» ማለት ነው። ይኸው ቅዱስ በ1625 የመሠረተው የካህናት ማኅበር በ1839 ወደ አገራችን ከመጡት ከአቡነ ያዕቆብ፥ ማለትም ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ የተነሣ በመካከላችን የታወቀ ነው። ቅድስት እናት ትሬዛ በ1950 በካልካታ የመሠረተችው ማኅበርም የፍቅር መልእክተኞች እንጂ የምጽዋት አከፋፋዮች ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አጠገብ ያለውን ቤታቸውን የጐበኘ ሰው ልዩነቱን ያለ መዝገበ ቃላት ይረዳዋል፤ በሽተኛውን የሚያጥቡና የሚያጐርሱ እጆች ናቸው እንጂ ሳንቲም የሚወረውሩ አይደሉምና።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በ2005 የጻፉት የመጀመሪያው ዐዋዲ መልእክት በላቲን ርእሱ «ካሪታስ» የሚለውን ቃል ይዟል፤ በእንግሊዝኛ «ላቭ» ተብሎ ተተርጕሟል። በ2009 የጻፉት ሌላው መልእክትም በላቲን በዚያው ቃል ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ቻሪቲ» ተብሏል። የአንድ አባት አንድ ቃል በአንድ ቋንቋ ሁለት መልክ ከያዘ፥ እኛ ስንተረጉም ብንቸገር አያስደንቅም።

ታዲያ ምጽዋትን ማቃለላችን ነውን?

አይደለም። በመጽሐፈ ጦቢትም ሆነ በጌታችን ትምህርት ምጽዋት ከጾምና ከጸሎት ጋር የቆመ የጽድቅ ሥራ ነው። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የተራቆተውን ወንድም በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው ይገሥጻል። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በመጨረሻው ፍርድ የሚጠይቀን ስለ ራበውና ስለ ታረዘው ነው። በነዲክቶስ 16ኛም በዚሁ በ2005ቱ መልእክታቸው፥ ቃሉን መስበክ፥ ምሥጢራትን ማክበርና የፍቅርን አገልግሎት መፈጸም አንዱ ከሌላው የማይለዩ የቤተ ክርስቲያን ተግባራት መሆናቸውን አስተምረዋል። እንግዲህ ፍቅር ሥር ነው፥ ምጽዋት ፍሬ ነው። ፍሬ የሌለው ሥር ሞቷል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ፍሬውን ከገበያ ገዝቶ በደረቅ ግንድ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው ዛፍ አለኝ ሊል አይችልም።

ሥርና ፍሬን መለየት የሚጠቅመው ለሰጪው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ለተቀባዩ ነው። ፍቅር ምጽዋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለጸጋው ለመንግሥተ ሰማያት የቀረበ፥ ድኻው ግን የተከለከለ በሆነ ነበር። ይህም ወንጌልን መገልበጥ ነው።

ወደ እማማ ጥያቄ ስንመለስ

በሚቀጥለው እሑድ ስሕተታችንን በጉባኤው ፊት አረምን። ሦስተኛው ምግባር ፍቅር መሆኑን፥ እርሱም ለሰጪም ለተቀባይም በጥምቀት የተሰጠ መሆኑን ገለጽን። እኒያ እናት ከኋላ ተቀምጠው ሰሙን፤ ምንም አላሉም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የቁምስናው ዘበኛ አንድ ነገር ነገረን። እማማ ከሚያገኙት ዳቦ ሁልጊዜ ከፍለው፥ ከጐናቸው ለሚቀመጡ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይሰጡ ኖሯል። ስለዚህ ነገር ስናነሣባቸው ደንግጠው፥ «እርሳቸው እኮ ጐረቤቴ ናቸው፤ ይህ ደግሞ ምጽዋት ይባላል እንዴ?» አሉን። እኛም ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ ለነገሩ መልሱ ራሳቸው ነበሩ።

አማርኛችን ለማኝን «የኔ ቢጤ» ብሎ ይጠራል። ቢጤ ማለት እኩያ፥ አምሳያ ማለት ነው። ቃሉን በየዕለቱ እየተናገርነው ትርጉሙን ዘንግተነዋል። አባቶቻችን በበራቸው የቆመውን ችግረኛ ሲጠሩት እንደ እኔ ያለ ሰው ብለው ነው የጠሩት። ካሪታስ የሚለው የላቲን ቃል ሰውን ውድ ይለዋል፤ የእኛ ቃል ደግሞ እኩያዬ ይለዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ መምህር «ቻሪቲ» የሚለውን ቃል በትክክል ተርጕሞታል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 13ን አንብቡ። «ፍቅር» በሚለው ቦታ «ምጽዋት» ብታስገቡ የትኞቹ ቁጥሮች ትርጉም ያጣሉ?

2. ከላይ ከተዘረዘሩት አምስት አጠቃቀሞች በቁምስናችን ይልቁን የጐደለን የትኛው ነው?

3. በማርቆስ ወንጌል 12፥41-44 የተነገረላትን ባልቴት ጌታ ያመሰገናት ስለ ሳንቲሙ ነውን? ሳንቲም የሌለውስ ሰው ፍቅሩን በምን ይገልጣል?

4. በመጪው እሑድ በቤተ ክርስቲያን በር ለምናገኛቸው የኔ ቢጤዎች፥ ከምንሰጣቸው ሌላ ስማቸውን ጠይቀን እናውቃለንን?